የሟቿ ሽጉጥ

በቅድሚያ ይቅርታ እጠይቃለሁ። መጻፍ የተማረ ሰው ሥራ ነው። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ነው፤ ወረቀት ፊት ስቀመጥ እንኳ እጄን ያልበኛል። ይሁን እንጂ እዚህ ታልቦት ከተማ ውስጥ የወይዘሮ ኦሊታ ሂክሰንን ነገር የማያወራ የለም፤ የሚያወራውም ሁሉ ለሳቅ ብሎ ጫፍ ጫፉን ነው። እሳቸው በረንዳቸው ላይ ባቄላ እየፈለፈሉ የነገሩኝ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ስለዚህ ደፈርኩ። ስህተት ካለ ከእኔ ነው።

ኦሊታ ያን ጊዜ ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነበር። አጭር ናቸው፤ ክብደታቸው ከአንድ ከረጢት የዶሮ መኖ ብዙም አይበልጥም፤ ጣቶቻቸውን ቁርጥማት ወደ ጎን አጣሟቸዋል። ከከተማው ሰባት ማይል ወጣ ብሎ፣ የጠጠሩ መንገድ በሚያልቅበት ቦታ ባለችው ነጭ የእንጨት ቤት ለብቻቸው ይኖሩ ነበር። ባላቸው ዶይል ከሞተ ሁለት ክረምት አልፎታል። ኦሊታ ከዚህ ዓለም የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዶይል በሞተበት አልጋ ላይ፣ በዚያው ቤት መሞት።

አንድ ልጃቸው ላማር ደግሞ የሚፈልገው ሌላ ነበር። ላማር ሃምሳ ሊሞላው ትንሽ የቀረው፣ ቀይ ጺሙን ያሳደገ፣ ሳቁ ከግቢ ውጭ የሚሰማ ሰው ነው። መሬቱን ለዶሮ እርባታ የሚፈልጉ ሰዎች አግኝቷል። እናቱንም የሚያስገባበት የአረጋውያን መጦሪያ አግኝቷል። የጎደለው የኦሊታ ፊርማ ብቻ ነበር።

አንድ ረቡዕ፣ ፀሐይ ገና ሳትገባ፣ ኦሊታ ከቤተ ክርስቲያን እራት ሲመለሱ የጓሮው በር መስታወት ተሰብሮ አገኙት። መሳቢያው ሁሉ ወለሉ ላይ ተገልብጧል። የጠፋው ብዙ አልነበረም፤ አንድ ሬዲዮ፣ አንድ የእጅ ሰዓት፣ ከአልጋው አጠገብ ካለው መሳቢያ ደግሞ ሽጉጡ።

ስለ ሽጉጡ ትንሽ ልናገር። አርባ አራት የሚሉትን ወፍራም ጥይት የሚጎርስ፣ እንደ ብረት ድስት የሚከብድ ስድስት ጎራሽ ነው። አገሩ ሁሉ የዶይል ሽጉጥ ይለው ነበር። እውነቱን የሚያውቁት ግን ባልና ሚስቱ ብቻ ነበሩ። ላማር ከቤት ወጥቶ የኦሊታ ጣቶች መጣመም ሲጀምሩ፣ ዶይል ክረምቱን ሙሉ ጋራዡ ውስጥ ተቀምጦ፣ ለአጥር ቋሚ ከሚተክሉት ቢጫ እንጨት አዲስ እጀታ ጠረበ። በቢላ እየፋቀ፣ በአሸዋ ወረቀት እያለሰለሰ፣ ከሚስቱ መዳፍ ጋር አስተካከለው። ለተጣመመው አውራ ጣታቸውም ትንሽ ጎድጓዳ ቦታ አበጀለት። ለማንም አልተናገረም። ሽጉጡን ለሚስቱ እጅ የጠረበ ወንድ የከብት መኖ መሸጫው ደጃፍ ላይ እስኪሞት ይሳቅበታል። ጥይቱንም ቤታቸው ውስጥ ከተተኮሰ ቀለሃ ሁለቱ አብረው ነበር የሚሠሩት፤ ኦሊታ የጥይት መሙያውን ማሽን እጀታ ይጫናሉ፣ ዶይል ርግጫው እንዲለሰልስ ባሩዱን ቀነስ አድርጎ ይለካል። በዶሮ ቤቱ ዙሪያ እባብ በታየ ቁጥር የሚተኩሱት እሳቸው ነበሩ፤ የሚመሰገነው ዶይል።

ያን ረቡዕ ላማር ከሸሪፉ ፖሊስ ቀድሞ ደረሰ። የሸሪፉ ሰው ጥቂት ጽፎ ሲሄድ፣ ላማር የተሰበረውን መስታወት በጫማው ጫፍ እየነካካ፣ ይሄ እንግዲህ የመጨረሻው ነው፣ በሚመጣው ሳምንት የማገኘው ሬሳሽን ነው አላቸው። የመሬቱን ሽያጭና የመጦሪያውን ወረቀቶች ከመኪናው አመጣ። በንጹሕ ፖስታ ውስጥ ተዘጋጅተው ነበር። ኦሊታ ያኔ ይህን ልብ አላሉትም።

"ሌላ ሽጉጥ እገዛለሁ" አሉ።

"በነዚህ ጣቶች? እማዬ፣ አንቺ እኮ ማንኪያ ይወድቅብሻል።"

"ማንኪያ ወድቆብኝ አያውቅም።"

ላማር ሳቀና ለውርርድ እጁን ዘረጋ። በአስራ አምስት እርምጃ ላይ በተሰቀለ የኬክ መጋገሪያ ሳህን ላይ እናቱ ስድስት ጊዜ ተኩሰው ሦስት ጊዜ ከመቱ እሱ ወረቀቱን ሊቀድ፣ ካልመቱ እሳቸው ሊፈርሙ። ኦሊታም ሽጉጡን የምመርጠው እኔ ነኝ ብለው ጨበጡት። እዚህ ሰፈር በእጅ የተጨበጠ ነገር አይፈርስም።

ቅዳሜ ጠዋት ታልቦት ወዳለው የሃርሊን ሽጉጥ ቤት ወሰዳቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ትምባሆ እያኘኩ ባዶ ጣሳ ውስጥ የሚተፉ አራት አምስት ወንዶች አይጠፉም። ሃርሊን ከባንኮኒው ጀርባ ሆኖ ኦሊታን ዝቅ ብሎ አያቸውና ጥያቄውን ለላማር አቀረበ፤ ለእናትህ ምን ላሳይ አለ። ከዚያ ሮዝ ቀለም የተቀባች፣ ከመዳፍ የማትበልጥ ቀላል ሽጉጥ አወጣ። ከከንፈር ቀለም ጋር ቦርሳ ውስጥ ትገባለች ብሎ ሰዎቹን አሳቃቸው።

ኦሊታ አልነኳትም። ቀላል ሽጉጥ ሲተኮስ የባሰ ይራገጣል፤ ከበድ ያለ ስጠኝ፣ ርግጫውን ራሱ ብረቱ እንዲውጠው፣ ጥይቱን ግን ለስላሳ አድርግልኝ አሉት። ትክክል ነበሩ። ሃርሊንም ትክክል መሆናቸውን ያውቃል። ሆኖም አንዲት አሮጊት ባንኮኒው ላይ ስታርመው አምስት ሰው ሰምቷል።

ላማርን ጠቀሰው። ጎንበስ ብሎ ከታች አንድ ጭራቅ ብረት አወጣ፤ አላስካ ሄደው ድብ የሚገድሉበት ዓይነት ነው። ኦሊታ በሁለት እጃቸው ተቀበሉት። እጀታው ሞላቸው፤ አውራ ጣታቸው ዞሮ አልደረሰም። ይህን አልመርጥም አሉ።

"ከበድ ያለ ብለሽ አልነበር እማዬ?" አለ ላማር። "ወይስ ወረቀቱን እዚሁ እናውጣው?"

ኩራት መጥፎ ነገር ነው። ኦሊታ ተከትለዋቸው ከሱቁ ጀርባ ወዳለው መተኮሻ ወጡ። ሃርሊን ካለው ጥይት ሁሉ ኃይለኛውን አጎረሰው። ላማር ስልኩን ከፍ አድርጎ ያዘ።

አንዴ ብቻ ነው የተኮሱት። ብረቱ ከእጃቸው እንደ በሬ ዘለለና አፈሙዙ ግንባራቸውን ሰነጠቀው። መነጽራቸው ተሰብሮ በረረ፤ እሳቸው ጠጠሩ ላይ በቂጣቸው ቁጭ አሉ። ሰዎቹ እየተደጋገፉ ሳቁ። አንዱ ትምባሆውን ዋጠና በሳል ሊሞት ደረሰ፤ በእሱም ሳቁ። ደሙ ዓይናቸው ውስጥ እየገባ ኦሊታ ቀና ሲሉ የልጃቸው ስልክ ገና አልወረደም።

"እስቲ ድገሚው እማዬ" አለ ላማር። "በደንብ አልወጣም።"

ግንባራቸው አራት ቦታ ተሰፋ። ቪዲዮውን ላማር ራሱ በከተማው ለማያውቀው ሰው ሳይቀር ላከው። በማግስቱ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ሴቶቹ ሳቅ እንዳያመልጣቸው ከንፈራቸውን ነክሰው የኦሊታን እጅ ያዙ፤ ልጆቹ ደረጃው ላይ እንደ ኦሊታ ወደ ኋላ እየወደቁ ይጫወቱ ነበር። ላማር ከመሄዱ በፊት ጠጋ ብሎ፣ እኔ ፍርድ አላጓድልም፣ ለሚመጣው ቅዳሜ አንድ ዕድል ሰጥቼሻለሁ አላቸው። በዕድል መታች እንዳይባልም ሽጉጡን የማጎርሰው እኔ ነኝ አለ።

ይህ እንኳ የእሱ ፈጠራ አይደለም። እዚህ ተኳሽ ሲፈተን ሌላ ሰው ያጎርስለታል። ከስድስቱ ጉድጓዶች አንዳንዱ ውስጥ ጥይት፣ አንዳንዱ ውስጥ የተተኮሰ ባዶ ቀለሃ ይከታል። ተኳሹ የትኛው እንደሚጮህ አያውቅም። የሚፈራ ሰው ከሆነ፣ ምላጩን ስቦ ባዶው ላይ ቀጭ ሲል፣ ምንም ሳይጮህ እጁ ብቻውን ወደ ታች ይወረወራል። ያን መደበቅ አይቻልም፤ ሁሉም ያየዋል።

ሽጉጥ ለመግዛት ሃርሊን ቤት ዳግመኛ የሚገባ እግር ኦሊታ አልነበራቸውም። ሐሙስ ዕለት አሮጌውን መነጽራቸውን አድርገው ማንም ወደማያውቃቸው ወደ ዋረን ስፕሪንግስ ከተማ አርባ ማይል ነዱ። እዚያ ከነዳጅ ማደያው ቀጥሎ ቬስተር የሚባል ጎልማሳ አዲስና አሮጌ ሽጉጥ የሚሸጥበት ትንሽ ሱቅ አለ። ቬስተር ግንባራቸው ላይ ያለውን ስፌት አየ፤ አልጠየቀም። ምን ይፈልጋሉ አላቸው፤ እሳቸውን ራሳቸውን።

ከበድ ያለ ስድስት ጎራሽ፣ እጀታው ቀጠን ያለ፣ አሉና ዓይናቸው መስታወቱ ስር ወዳለው አሮጌ ዕቃ ወረደ። እዚያው ቀረ።

"ያንን አሳየኝ።"

"ብረቱ ግሩም ነው እሜቴ" አለ ቬስተር እያወጣው። "እጀታውን ግን አንድ የማያውቅ ሰው ፍቆ ፍቆ አበላሽቶታል።"

ኦሊታ ያዙት። አውራ ጣታቸው ጎድጓዳው ቦታ ገብቶ ተኛ። ቬስተር አፉን ከፍቶ አየና ንግግሩን አስተካከለ፤ ለእርስዎ የተሠራ ነው የሚመስለው አለ።

"የማን ነበር?"

"የአንዲት ባልቴት። ሞቱ አሉ። ልጃቸው ዕቃቸውን ሲያወጣ አምጥቶ ሸጠልኝ፣ ያለፈው ሳምንት ማክሰኞ። ቀይ ጺም ያለው ሰው ነው። አዘንኩለት፤ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር።"

ማክሰኞ። በሩ የተሰበረው ረቡዕ ነው። ማክሰኞ ላማር የወጥ ቤቱን ቧንቧ ላጥብቅልሽ ብሎ መጥቶ፣ እጄን ልታጠብ ብሎ ወደ ውስጥ ገብቶ ነበር። ኦሊታ ሽጉጡን አላስቀመጡትም።

"ምን ሆና ነው የሞተችው?" አሉ።

"በእንቅልፋቸው ነው አለኝ። ሳይሰቃዩ።"

"ጥሩ ነው" አሉ ኦሊታ። "አሟሟቷስ ያምራል።"

ሌላ አገር ያለ ሌባ ቢሆን ያን ብረት ሐይቅ ውስጥ ጥሎት ይገላገል ነበር። ላማር ግን እዚሁ ያደገ ነው። እናቱን ከቤቷ አውጥቶ ሊጥል ይችላል፤ ጥሩ ሽጉጥ፣ ያውም የአባቱን፣ ውሃ ውስጥ መጣል ግን እጁ እሺ አይለውም። ያን የመሰለ ነገር በዚህ ሰፈር አንድ ሰው አድርጎ አያውቅም። ስለዚህ ከቤት አርባ ማይል ርቆ፣ አፉን ሞልቶ እናቴ ሞተች ብሎ ሸጠው።

ቬስተር የመንግሥቱን የሽጉጥ መግዣ ቅጽ ሊሞላ መንጃ ፈቃዳቸውን ተቀበለ። ስሙን አነበበ። እንደገና አነበበ። ከዚያ ጆሮው ድረስ ቀላ።

"ሂክሰን" አለ። "እሜቴ፣ የሰውየውም ስም…"

"ነቃሁ" አሉ ኦሊታ።

ለሸሪፍ ልደውል አለ። ኦሊታ፣ የሞተ ሰው አይከስም፣ ቅጹን ጨርስልኝ አሉት። ጨረሰ። እስከ መኪናቸው ሸኛቸው፤ በሩንም ከፈተላቸው።

ቤታቸው ሲደርሱ ጋራዡ ውስጥ ገብተው የዶይልን የመጨረሻ የጥይት ሳጥን አወረዱ። ክዳኑ ላይ በእርሳስ የስማቸው መጀመሪያ ፊደል ብቻ ተጽፏል። ዓርብ ከሰዓት አጥሩ ላይ ቆርቆሮ ደርድረው ጥቂት ተኮሱ። እጃቸው አልረሳም። ያልጠበቅኩት አለማልቀሴን ነው አሉኝ።

ቅዳሜ የሃርሊን መተኮሻ ከወትሮው ይልቅ ሰው ሞልቶት ነበር። ቪዲዮውን ያዩ ሁለተኛውን በዓይናቸው ሊያዩ መጥተዋል። አንዱ ለኦሊታ የሞተር ብስክሌት የራስ ቁር አምጥቶ፣ እማማ ለግንባርዎ ብሎ ሰጣቸው። አመስግነው ጠጠሩ ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ሽጉጡ የተጠቀለለበትን የዕቃ ማድረቂያ ጨርቅ ፈትተው ለልጃቸው ዘረጉለት።

ላማር እጀታውን አየ። ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ፤ መልኩ ግን ገረጣ።

ሃርሊን ከየት ተገዛ ብሎ ጠየቀ። "ከዋረን ስፕሪንግስ" አሉ ኦሊታ፣ ሁሉም እንዲሰማ። "የሟች ዕቃ ነው አሉኝ። የሟች ዕቃ ደግሞ ይረክሳል።"

ማንም አልገባውም፤ ከአንድ ሰው በቀር። ላማር ሽጉጡን ተቀበለ፤ ጥይቱንም ከእናቱ ሳጥን ወሰደ። ጀርባውን ሰጥቶ ሲያጎርስ አንዱ ጥይት ከእጁ ወድቆ ጠጠሩ ውስጥ ገባ። ከሰዎቹ አንዱ፣ ላማር፣ የምትተኩሰው እናትህ ናት ወይስ አንተ አለው። ተሳቀ። አራት ጥይትና ሁለት ባዶ አጉርሶ መለሰላቸው።

የመጀመሪያው ጮኸ፤ ሳህኑ ተንቃጨለ። ሁለተኛው ቀጭ አለ። አፈሙዙ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ያህል አልነቃነቅም አለ። ሰዎቹ ይህን አዩ፤ ሳቁ ያኔ ቆመ። ሦስተኛው ሳህኑን መታ። አራተኛው ለጥቂት ሳተ። አምስተኛው ቀጭ አለ፤ አሁንም ምንም። ስድስተኛው ሳህኑን ከሚስማሩ አወረደው።

ሦስት። ሃርሊን ጣሳው ውስጥ ተፋ። ላማር ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ ሊቀድ ሲል፣ ኦሊታ እጁን ያዙት።

"እሱ ይደርሳል። አሁን ያንተ ተራ ነው። እኔ አጎርስልሃለሁ።"

ያጎረሰ ሰው በተራው ይተኩሳል፤ ልማዱ ነው፤ እምቢ ማለት ከመሳት ይብሳል። ሰዎቹም አጨበጨቡ። ኦሊታ ዞር ብለው በተጣመሙት ጣቶቻቸው ቀስ ብለው አጎረሱ። ስድስቱንም ባዶ ቀለሃ። አንድም ጥይት አልከተቱም።

ላማር ዓላማ ያዘ። ቀጭ። እጁ ወደ ታች ተወረወረ፣ ትከሻው ዘለለ። ሰዎቹ ፈነዱ። ሁለተኛውን ሳበ፤ ቀጭ፤ የባሰ ዘለለ። ሁለት ባዶ ካለፈ ቀጥሎ የሚጮኸው እንደማይቀር ያስባል፤ ስለዚህ በእያንዳንዱ ላይ ይበልጥ ፈራ። ሦስተኛው ላይ ኦሊታ ትከሻው ስር ቆሙ። እሱ ብቻ በሚሰማው ድምፅ ተናገሩት።

"ተኩስ ልጄ። በእንቅልፏ ነው የሞተችው። አትሰማህም።"

አራተኛው። አምስተኛው። ቀጭ፣ ቀጭ። ጥሎ መሄድ ይችል ነበር፤ ግን ስድስት ስድስት ነው፤ ሁሉም ይቆጥር ነበር። ስድስተኛውን ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንገቱን በጥፊ እንደሚመታ ልጅ ቀብሮ ሳበው። ቀጭ።

ኦሊታ ሽጉጡን ከእጁ ወስደው ከፈቱት። ስድስት ባዶ ቀለሃ መሬት ላይ ተንኮሻኮሸ። ያን ጊዜ የተሳቀውን ሳቅ በታልቦት እስከ ዛሬ ያወሩታል። ሃርሊን ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዞ ነበር።

"እስቲ ድገመው ላማር" አለ። "በደንብ አልወጣም።"

ላማር ወረቀቱን ቀደደ። ቁርጥራጩን ማንም አላነሳም። ኦሊታ አልሳቁም። ደስ ብሏቸው እንደ ነበር ግን አልደበቁኝም። ልጅ እኮ ነው ብዬ የምራራበትን ቦታ ውስጤ ፈለግኩት፤ አጣሁት አሉኝ።

በማግስቱ እሑድ ነበር። ላማር ዘወትር እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በፊት እናቱ ቤት ቁርስ ይበላል። ያን ቀን ኦሊታ ብስኩት ከሚሉት ትንንሽ ዳቦ አንዲት ብቻ ጋግረው፣ በላይዋ መረቅ አፍስሰው፣ ቆመው በሉና ሳህኑን አጠቡ። ከቁም ሳጥኑ ሰማያዊውን ቀሚስ አወጡ፤ በሞቱ ጊዜ እንዲቀበሩበት በፕላስቲክ ሸፍነው ያስቀመጡትን። ለበሱት። ኮሌታው ሰፍቷቸው ስለነበር በመርፌ ቁልፍ አጠበቡት።

ላማር ከሚስቱ ጋር ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ነበር። መዝሙሩ አልቆ ፓስተሩ እንደ ሁልጊዜው፣ ጸሎት የሚፈልግ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። አንዱ ለወገቡ፣ አንዷ ለእህቷ ቀዶ ጥገና አስያዙ። ከዚያ ኦሊታ የፊቱን አግዳሚ ተደግፈው ተነሱ።

"ለልጄ ለላማር ጸልዩለት" አሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ። "እናቱ ሞታበታለች። አሥራ ሁለት ቀኗ ነው። በእንቅልፏ።"

ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው፤ ከዚያ ላማርን። ላማር አልዞረም። የአንገቱ ጀርባ ብቻ ቀልቶ ይታይ ነበር። ፓስተሩም፣ እንጸልይ አለ። ጉባኤው ራሱን ዝቅ አደረገ።

ኦሊታም ቀሚሳቸውን አስተካክለው ተቀመጡና አብረው ጸለዩለት።